ቶይቮ ለልጅ ልጁ ድምፁን የነፈገ ዕለት

እኛ አገር፣ ልጆቼ፣ ሰው የገዛ ዘመዱን አያወድስም። የወንድሙ ልጅ ጨረቃ ላይ ቢወጣ እንኳ «አዎ፣ ትንሽ ራቅ ብሎ ሄዷል» ብሎ ዝም ነው። በሰሜን ሚኒሶታ ሐይቆች ዳር ያደገ ሁሉ ይህን ከእናቱ ወተት ጋር ጠብቶታል። ቶይቮ ላህቲ ደግሞ ከሁላችንም አብልጦ ሳይጠባ አልቀረም።

የዚያን ዓመት በአካባቢያችን ካሉት ስድስት ኮሌጆች የዓመቱን ምርጥ የበረዶ ሆኪ ተጫዋች ሴት እንድንመርጥ ሦስት ሽማግሌዎች ተሰየምን። እኔ አርባ ዓመት የሜዳውን በረዶ በመኪና ያለሰለስኩ፣ ሌምፒ የእኛው ኮሌጅ ወጥ ቤት ኃላፊ የነበረች፣ ቶይቮ ደግሞ የተጫዋቾቹን የበረዶ መንሸራተቻ ጫማ ስለት የሚስል። ደንቡ አንድ ነው፤ ሦስታችን በአንድ ቃል ካልተስማማን ሽልማቱ ብዙ ጎል ላገባች ይሄዳል። እሷም ከሐይቁ ማዶ ያለው ኮሌጅ ልጅ ዴላኒ ነበረች፤ ሠላሳ ሁለት ጎል።

የእኛዋ ግብ ጠባቂ ሪካ ናት፤ የቶይቮ የልጅ ልጅ። ገና በስድስት ዓመቷ ጓሮው በረዶ ላይ አቁሞ፣ የደረቀ ድንች እየወረወረባት ያስተማራት እሱ ነው። ዘመድ አይምረጥ ብንል መራጭ አይተርፍም፤ በከተማችን ከሰው ያልተዛመደ ድልድዩ ብቻ ነው።

ስብሰባችንን በረዶ ሆኖ በጠጠረው ሐይቅ ላይ በቆመችው የዓሣ ማጥመጃ ጎጆዬ አደረግን። ምድጃው ይነዳል፣ ወለሉ ላይ በረዶውን የበሳ ሦስት ቀዳዳ፣ በየቀዳዳው አንድ የማጥመጃ ክር።

«ሠላሳ ሁለት ጎል ቀላል ነው እንዴ?» አልኩ እኔ።

«አንተ ደግሞ!» አለች ሌምፒ። «ከሠላሳ ሁለቱ ስንቱ ሪካ ላይ ገባ?»

አሰብኩ። «አንድም።»

«በል እንግዲያ ዓሣህን ጠብቅ።»

እኔ በዚሁ ተረታሁ። ቶይቮ ግን ክሩን እያየ፣ «በግራ በኩል ትዘገያለች» አለ።

«በግራ በኩል ማን አገባባት?»

«እኔ። በድንች።»

«አንተ ሰውዬ፣ የስድስት ዓመት ልጅ እያለች ነው እኮ!»

«ጠባይ አይለቅም» አለ።

ልጅቷን እንደ ዓይኑ ብሌን እንደሚሳሳላት እናውቃለን። ጨዋታዋን ሁሉ ከግቡ ጀርባ ቆሞ፣ ባርኔጣውን በጥርሱ ነክሶ ነው የሚያየው። ስለዚህ አልተጨነቅንም። ሌምፒ ያመጣችውን ኬክ እንኳ ሁለት ጊዜ «ይቅርብኝ» ብሎ በሦስተኛው ነው የወሰደው። በኛ ዘንድ ሰው ሦስቴ ይለመናል። ሁለቱ እምቢታ ለወግ ነው፣ ሦስተኛው መልስ ነው እውነተኛው።

ለእኩለ ቀን ሩብ ጉዳይ ሲል የውድድሩ ጸሐፊ ደወለች። ዳርላ ትባላለች፤ ሙቀት ካለበት ከደቡብ፣ ከጆርጂያ በመጣች ሳምንቷ ነው። ሁላችንም እንድንሰማ ስልኩን ባልዲው ላይ አስቀመጥነው። ሌምፒ «ሪካ» አለች። እኔም «ሪካ» አልኩ።

«አቶ ላህቲ፣ እርስዎስ ይስማማሉ?»

«ኧረ ተዪኝ፣ ያን ያህልም አይደለችም» አለ ቶይቮ ፈገግ ብሎ።

ሁለተኛውን ጥያቄ ጠበቅን።

«ገባኝ፤ ግልጽ ስለሆኑልኝ አመሰግናለሁ። እንግዲያው ዴላኒ ናት። እኩለ ቀን ላይ ይነገራል። መልካም ቀን!» ጠቅ።

ቶይቮ ስልኩን ከባልዲው ላይ አፈፍ አደረገው። አጠገባችን ዓሣ ይዞት የተወጠረውን ክር ማንም ልብ አላለውም።

«አንዴ ብቻ ነው እኮ የጠየቀችኝ!»

«የደቡብ ሰው አንዴ ነው የሚጠይቀው!» ጮኸች ሌምፒ። «ወይኔ ልጄን! በወግህ አስበላሃት! ደውል!»

ኔትወርክ ጠፋ። ቶይቮ ስልኩን ይዞ ወጣ፤ በሰባ አራት ዓመቱ የጭነት መኪናዬ ጣሪያ ላይ ወጣ። ነፋሱ ኮቱን እንደ ባንዲራ ያርገበግበዋል። ስልኩ ሲነሳለት፣

«እስማማለሁ!» ብሎ ጮኸ።

ሴትዮዋ አልሰማችም መሰለኝ። «እስማማለሁ አልኩሽ! በሪካ! ... ምን? ምክንያት?» ወደ እኛ ዞሮ በስቃይ አየን። «ሐሳቤን የለወጥኩበትን ምክንያት ካልጻፈች አይሆንም ትላለች።»

«ንገራታ!» አልነው።

እኔ በሕይወቴ እንደዚያ የተጨነቀ ሰው አላየሁም። ከዚያ ዓይኑን ጨፈነ።

«ምክንያቱማ የሚተካከላት የለም! ጥርሷ ተሰብሮ ደሟን እየዋጠች ሦስተኛውን ክፍለ ጨዋታ የጨረሰች ልጅ ናት! ተጋጣሚዎቿ ሲሸነፉ የምታጽናናቸው እሷ ናት! በግራ በኩል አትዘገይም! ዋሽቻለሁ! በዚህ ሐይቅ ዳር እንደሷ ያለ አልበቀለም፣ ጻፊው!»

በበረዶው ላይ ከተሰለፉት ጎጆዎች አንድ በአንድ ሰው ብቅ ብቅ አለ። ከሩቅ አንዱ፣ «ሰምተናል ቶይቮ! እኛም እንስማማለን!» አለ። ሌላው፣ «ዓሣዎቹም ሰምተዋል፣ ሁሉም ሸሹ!» አለ። ቶይቮ ፊቱ ቲማቲም መስሎ ወረደና፣ ሰው እስኪረሳው የሚጠብቅ ይመስል፣ ከምድጃው ኋላ ተደበቀ።

እኩለ ቀን ላይ ምርጧ ሪካ ናት ተባለ።

ከሰዓት በኋላ ልጅቷ ራሷ ዕቃዋን በትከሻዋ አንጠልጥላ በበረዶው ላይ መጣች። በሩ ላይ ቆመች። የፊት ጥርሷ የለም፤ ስትስቅ ያምርባታል።

«አያቴ፣ ከተማው ሁሉ የሚያወራው እውነት ነው? እስቲ እኔ ባለሁበት ድገመው።»

ቶይቮ ቀዳዳውን አተኩሮ አየ።

«በሩን ዝጊው፣ ብርድ ይገባል» አለ፤ ከዚያም የራሱን መቀመጫ ለቆላት ባልዲው ላይ ተቀመጠ።