«ድናለች» ያለው ባሌ

ሰው ስልክ አንስቶ በሚስቱ ነፍስ ላይ «ድናለች፣ በቃት» ይላል? ባሌ ብሏል። እስቲ ስሙኝና ፍረዱ።

ባሌ ንብ አናቢ ነው። እኔ ቀፎ ከፍቼ አላውቅም። ግን ንቦቹ ሲነድፉት የሚውሉትን፣ መርዛቸው የተጣበቀበትን ቱታ አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ እያራገፍኩ ያጠብኩለት እኔ ነኝ። የሚያክመኝ ሐኪም እንደሚለው፣ ሰውነቴ ከንብ መርዝ ጋር የተጣላው እዚያው ልብስ ማጠቢያው ላይ ሳይሆን አይቀርም። አንድ ቀን አንዲት ንብ አንገቴ ላይ ነደፈችኝ። ከንፈሬ አበጠ፣ ጉሮሮዬ ተዘጋ፣ ወጥ ቤት ወለል ላይ ተዘረርኩ። ጎረቤት በመኪናው አፈፍ አድርጎ ሐኪም ቤት ባያደርሰኝ ኖሮ ዛሬ ይህን የሚያወራላችሁ አይኖርም ነበር።

መድኃኒቱ ያው ራሱ መርዙ ነው። ሰውነቴ እስኪለምደው ጥቂት ጥቂቱን ክንዴ ላይ ይወጉኛል። መጀመሪያ በየሳምንቱ፣ ኋላ በየወሩ፣ እስከ አምስት ዓመት። ሁለት አውቶቡስ ቀይሬ እሄዳለሁ፣ እወጋለሁ፣ ሰውነቴ ቢቆጣ እንዲደርሱልኝ ግማሽ ሰዓት አግዳሚው ላይ ተቀምጬ እጠብቃለሁ። ሁለት ዓመት ተኩል ዝናብ ፀሐይ ሳልል አንድ ቀጠሮ አላሳለፍኩም። አጅሬ ግን በየወሩ ያችኑ ጥያቄ ያነሳል፤ አሁንም ትሄጃለሽ እንዴ፣ ምንም አልሆንሽም እኮ። ምንም ያልሆንኩት ስለምወጋ ነው ብዬ ስንቴ አስረዳሁት መሰላችሁ። ጆሮ ዳባ ልበስ። በተለይ የማር ቆረጣ ሰሞን፣ ማሩን የምታጣራለት ሴትዮ፣ እኔው ማለት ነው፣ ግማሽ ቀን ስትጠፋበት ፊቱ አይታይም።

ባለፈው የምትወጋኝ ሲስተር መድኃኒቱ እንዳለቀ፣ አዲሱ ሲገባ እንደሚደውሉ ነገረችኝ። ስመዘገብ ስልክ ስላልነበረኝ ካርዴ ላይ ያለው የባሌ ቁጥር ነው። ጠበቅሁ። በጠየቅሁት ቁጥር ማንም አልደወለም ይለኛል። በዚህ መሃል ሁለት ቀፎ አምጥቶ ወጥ ቤቱ መስኮት ሥር ደረደረ። ምነው ስለው፣ እዚህ ጥላ አለ፣ አንቺ ደግሞ አሁን ደህና ነሽ አለኝ። እኔ ሞኟ መስኮቱን ዘግቼ ሽንኩርቴን መክተፍ ቀጠልኩ።

መድኃኒቱ አለቀ ከተባልኩ በአሥረኛው ሳምንት ትዕግሥቴ አለቀና ራሴ ሄድኩ። ሲስተሯ ስታየኝ ግራ ገባት። ሦስት ጊዜ ደውለው ነበር ለካ። ባሌ ሁለቴ እነግራታለሁ አላቸው፤ በሦስተኛው፣ ድናለች፣ ከእንግዲህ አትመጣም ብሎ ዘጋባቸው።

ሐኪሙ ሰውነቴ ልምዱን ሊረሳ ስለሚችል መጠኑ እንደሚቀነስ፣ ከዚያ በየሳምንቱ እየተጨመረ ወደ ነበረበት እንደሚመለስ ነገረኝ። ስንት ወር የወጣሁትን ዳገት እንደገና ልወጣው! እዚያው ቁጭ ብዬ ባሌን አስጠራሁት። ሰም የተለጠፈበት እጁን እያሻሸ መጣ። ዓይኑን በጨው አጥቦ፣ ለእሷው ብዬ ነው፣ መመላለሱ ስላደከማት ነው አለ።

«ለእኔ ብለህ ከሆነ፣» አልኩት፣ «ለምን ዋሸኸኝ?»

 ሐኪሙ ቀፎዎቹ የት እንዳሉ ጠየቀው። ከእሱ በፊት እኔ ነገርኩት። ሐኪሙ እስክሪብቶውን አስቀመጠና፣ በእነዚህ ሳምንታት አንዲት ንብ በዚያ መስኮት ገብታ ብትነድፋት ኖሮ ሚስትህን ቀብረሃት ነበር አለው፤ ድምፁን እንኳ ከፍ ሳያደርግ። የባሌ ፊት አመድ መሰለ። ከእንግዲህ በየሳምንቱ ራሴ አመጣታለሁ አለ። ድንቄም! ሁለት ዓመት ተኩል ብቻዬን የተመላለስኩበትን መንገድ አሁን እሱ ሊያሳየኝ።

ሲስተሯ ትንሿን መጠን ወጋችኝ። ካርዴ ላይ የእሱን ቁጥር አሰርዤ የራሴን አንድ በአንድ እየጠራሁ አስጻፍኩ። እሱ አግዳሚው ላይ አጠገቤ ሊቀመጥ ሲል በእጄ ከለከልኩት።

«እህቴ ቤት ነኝ፣» አልኩት። «ቀፎዎቹ ከመስኮቴ ሥር ሲነሱ ደውልልኝ። መደወል መቼም አያቅትህም።»