የዲንጊሪ ባንዳ ሰገባ

የእናቴ አያት ኡኩራላ በስሪላንካ፣ በካንዲ ነገሥታት ዘመን ቢላ ሠሪ ነበር። ቢላ ስላችሁ ሽንኩርት የሚከተፍበት እንዳይመስላችሁ። እጀታው የዝሆን ጥርስ፣ ጫፉ አፉን የከፈተ አንበሳ፣ ከአንበሳው አፍ የወጣ ሐረግ በብር ተስሎ እስከ ብረቱ የሚወርድ፣ ሹማምንት ወገባቸው ላይ የሚሽጡት ጌጥ ነው።

ዲንጊሪ ባንዳ የሚባል አዲስ ሹም ቢላውን ሲረከብ፣ ኡኩራላ «ጌታዬ፣ ይሄ ለዓይን ነው። አደራ፣ ምንም እንዳይቆርጡበት» አለው።

በአዲስ ዓመት ግብዣ ላይ ግን የሚስቱ ወንድም ለከፈው። «ውይ ሲያምር! ሙዝስ ይልጣል?»

ዲንጊሪ ባንዳ ደሙ ፈላ። ቢላውን መዘዘና ጓዳ በር ላይ የተቀመጠ፣ በግ የሚያክል፣ ልጣጩ እሾኻም የሆነ ጥሬ የኮስ ፍሬ ላይ እስከ እጀታው ሰካው። የኮስ ሙጫ ደግሞ አይምርም። ቢላው በዚያው ቀረ።

ዘይት አፈሰሱበት፤ እጀታው ብቻ አሟለጨ። ኡኩራላ ተጠርቶ መጣ።

«አትጎትቱት፤ የእጀታው ጥርስ ይሰነጠቃል። ፍሬውን በመጥረቢያ ፍለጡት» አለ።

«የኔን ቢላ የማገዶ መጥረቢያ ሊያድነው?» ብሎ ጮኸ ዲንጊሪ ባንዳ። «ሞቼ ነው!»

«ታዲያ ነገ ግቢ ሲጠሩ ምን ሊታጠቁ ነው?» አለችው ሚስቱ ቲኪሪ መኒኬ።

በማግስቱ ፍሬውን ከነቢላው ወገቡ ላይ በሻሽ አስሮ፣ ሁለት አሽከር ከሥር ደግፈውለት እያቃሰተ ንጉሡ ፊት ቀረበ።

«ይህ ምንድን ነው?» አሉ ንጉሡ።

«ሰገባው ነው፣ ንጉሥ ሆይ።»

ንጉሡ ረጅም ጊዜ አዩት። «ይከብዳል?»

«እጅግ።»

«ሹመትም እንዲሁ ነው» አሉና አንገታቸውን ነቀነቁ።

በቃ። በቀጣዩ ጉባኤ ቢላውን ኮስ ውስጥ ሰክቶ ያልታጠቀ ሹም አልነበረም። ሙቀቱ ሲበረታ ፍሬው በሰለ፣ ፈረጠ፣ ዝንብ ወረረው። የዲንጊሪ ባንዳም ቢላ ጭረት ሳይነካው ንጉሡ እግር ሥር ዱብ አለ። ሹሙም ያለ ሰገባ ለማንሣት አፍሮ በቁሙ አለቀሰ።

ሹማምንቱ ተሯሩጠው ኡኩራላ ዘንድ ሄዱ። «የማይበሰብስ ሥራልን!»

«ጌቶቼ፣ ቀጭን የቆዳ ሰገባ ብሠራላችሁስ?»

«አንተ ሰውዬ፣ ልታዋርደን ነው?»

ኡኩራላ ተነፈሰና ከብር የኮስ ፍሬ ይቀጠቅጥ ጀመር። እንዲያው በግዴለሽነት መሥራት አያውቅማ! እሾኹን አንድ በአንድ ሹል አድርጎ አወጣው። ታጥቆት መቀመጥ የቻለ ሹም ስላልተገኘ ጉባኤው ሁሉ በቁም ሆነ። ከባሕር ማዶ የመጡ መልእክተኞችም ይህን አይተው «ንጉሣቸውን እንዴት ቢያከብሩ ነው!» እያሉ ተደነቁ።