ዱቄት አልመጣ አለች

ዱቄት ቡችላ ሳለች ስሟን ጠርቶ የጨረሰ ሰው አልነበረም። "ዱ..." ሲባል እግር ሥር ተገኝታለች። ስሙ የወጣላት ቤት በገባች ዕለት ነው፤ ወለሉ ላይ ተዘርራ ስትተኛ የተደፋ ዱቄት መሰለች። ያመጣቻት በአንድ ሆስፒታል ራጅ አንሺ የሆነች ሴት ነበረች። እናቷ ከሞቱ ወዲህ ከጡረተኛ አባቷ ጋር ሁለቱ ብቻቸውን ቀርተው ነበርና፣ ቤቱ ውስጥ ከሰዓት በኋላ የሚንቀሳቀስ ነገር ይኑር ብላ ነው።

ከጥቂት ወራት በኋላ ግን ዱቄት ኮረዳ ሆነችና ጠባይዋ ተገለበጠ። ከቤታቸው ጀርባ ባለው ሜዳ ላይ ስትፈታ ትሮጣለች። ስትጠራ ቆም ትላለች፣ ዞር ብላ ጠሪዋን ታያለች፤ መስማቷ ያስታውቃል። ከዚያ ጆሮ ዳባ ልበስ ብላ መንገዷን ትቀጥላለች።

"ዱቄት! ነይ! ዱቄት!"

"ስንት ኪሎ ላድርግልሽ?" ይላል የሜዳው ዳር ባለ ሱቅ፣ በመስኮቱ አንገቱን ብቅ አድርጎ።

መጀመሪያ ሰሞን ራጅ አንሺዋ ትስቅ ነበር። በኋላ ግን እሱንም ትጠረጥረው ጀመር።

መጠርጠር ድሮም ይቀናታል፤ እናቷ ከሞቱ በኋላ ደግሞ ባሰባት። እናትየው "ደህና ነኝ፣ ድካም ነው" እያሉ ሕመማቸውን ደብቀው ነው የሄዱት። የሰው ደረት ስታይ የምትውል ልጅ የገዛ እናቷን ሳታይ ቀረች። ከዚያ ወዲህ "ደህና ነኝ" የሚላትን ሰው አታምንም። የአባቷን ጨው ትሰፍራለች፣ መድኃኒታቸው መጉደሉን ታያለች፣ ከሥራ ቦታዋም እየደወለች የት እንዳሉ ትጠይቃለች።

የዱቄት ነገር ያልጣማት ውሻዋ ስለጠፋች ብቻ አይደለም። ውሻ ሲጠፋ ይባዝናል፤ አንዱን ያሸታል፣ ሌላውን ያባርራል። ዱቄት ግን ቀጠሮ እንዳለው ሰው ቀጥ ብላ በፈረሰው አጥር ሾልካ ወደ ሱቆቹ መንደር ትሄዳለች። ቆይታ ስትመለስ ጠግባለች፤ ራቷን አሽትታ ትተወዋለች። አንድ ምሽት ደግሞ ራጅ አንሺዋ የሆዷን ፀጉር ስታበጥርላት ቢጫ ነገር ብልጭ አለባት። በወረንጦ ለቅማ ነጭ ወረቀት ላይ አራገፈችው። እንደ ክር የቀጠነ፣ የተጠቀለለ የብረት ፍቅፋቂ ነው።

"አባዬ፣ ከሰዓት ስታንሸራሽራት የት የት ነው የምትሄዱት?"

"ሜዳ።" አባቷ ዐይናቸውን ከቴሌቪዥኑ አላነሱም።

"ሜዳ ብቻ?"

"ውሻ ሲኒማ አይገባ። ሜዳ ነው እንጂ።"

"ይሄ ታዲያ ከየት መጣ?"

አባቷ ወረቀቱን ጠጋ ብለው አዩት። "የንባብ መነጽሬ አውቶቡስ ላይ ጠፍቶ የለ፣ ምን አይበታለሁ? ትቢያ ይሆናል። ተይው።"

"ተይው" የሚለው ቃል ሆዷ ውስጥ ገብቶ ቀረ።

በማግስቱ ዱቄትን ይዛ የእንስሳት ሐኪም ዘንድ ሄደች። ሐኪሙ ጆሮዋን አየላት፣ ከጀርባዋ አጨበጨበ፣ ሳቀ።

"ጆሮዋ ከእኔም ከአንቺም ይሻላል። ጉርምስና ነው። ለመሆኑ ስትጠሪያት ምን ታደርጊያታለሽ?"

"አስሬ ወደ ቤት እወስዳታለሁ።"

"ሌላ ጊዜስ?"

"አጥባታለሁ። ጥፍሯን እቆርጣለሁ።"

"እና አንቺ እሷን ብትሆኚ ትመጫለሽ?"

ሐኪሙ ረጅም ገመድ እንድትገዛ፣ "ነይ" የምትለውን ቃል አንድ ጊዜ ብቻ እንድትል፣ በመጣች ቁጥር የተቀቀለ ጉበት እንድታጎርሳት፣ ከዚያም አብዛኛውን ጊዜ መልሳ እንድትለቃት መከራት። መምጣቷ የጨዋታው ማብቂያ አለመሆኑን ውሻዋ ማወቅ አለባት አለ። በሩ ድረስ ሲሸኛት ግን አንድ ነገር ጨመረ።

"ደግሞ አጣሪ። ሌላ ቦታ ከአንቺ የተሻለ የሚያበላት ሰው ካለ በከንቱ ነው የምትደክሚው።"

ከዚያ በኋላ የሰፈሩን ሰው ሁሉ በዐይኗ ትመዝን ገባች። ባለ ሱቁ ለምን ያን ያህል ይቀልዳል? የጎረቤቷ ዘበኛ ዱቄትን ሲያይ ለምን ያፏጫል? ሊሰርቋት እያለማመዷት ይሆን? ለአባቷ ጥብቅ መመሪያ ሰጠች፤ ከሜዳው ውጪ የትም፣ ከእጇ ጉበት በቀር ምንም።

"እሺ እመቤቴ" አሉ አባቷ። ሸሚዛቸው ተተኩሷል። ለሜዳ ሸሚዝ መተኮስ ከመቼ ወዲህ ነው የሚለው ሐሳብ ሽው ብሎባት አለፈ፤ ያኔ ልቧ ውሻዋ ላይ ስለነበር አልያዘችውም።

ዱቄት በገመድ ሳለች የተመሰገነች ተማሪ ሆነች። "ነይ" ስትባል ትመጣለች፣ ጉበቷን ትውጣለች፣ "ሂጂ" ስትባል ትሄዳለች። ገመዱ ሲፈታ ግን ያው የድሮዋ ናት። በዚህ ቆሽቷ ያረረው ራጅ አንሺ ዕረፍት በወጣችበት ቀን አባቷ ወንበራቸው ላይ እንዳሸለቡ ዱቄትን ይዛ ወጣች። ሜዳው መሀል ስትደርስ የገመዱን ጫፍ ሆን ብላ ጣለችው።

ዱቄት አላመነታችም። ገመዷን እየጎተተች በአጥሩ ሾለከች፤ ራጅ አንሺዋም ተከተለቻት። ዳቦ ቤቱን አለፉ፣ ፀጉር ቤቱን አለፉ፣ ከሁለት ሕንፃዎች መሀል የተሰነቀረች አንዲት ጠባብ ሱቅ ደረሱ። ግድግዳው ከላይ እስከ ታች ባልተቀረጹ ቁልፎች ተሸፍኗል። የመቅረጫው ማሽን ይጮኻል፤ ከሥሩ ቢጫ ፍቅፋቂ ተከምሯል። ዱቄት ከባንኮኒው ሥር ገብታ አንድ የታጠፈ ጆንያ ላይ ተጋደመች፤ በቤቷ ያለች ነው የምትመስለው።

ማሽኑ ቆመ። በመከላከያ መነጽር ውስጥ ያዩዋት ጠንከር ያሉ፣ ዕድሜያቸው ሃምሳውን የዘለለ ሴት ነበሩ።

"ምን ልርዳሽ?"

"ይቺ ውሻ እዚህ ትመጣለች?"

"የቷ? ይቺ?" ቁልፍ ቀራጯ ጎንበስ ብለው ዱቄትን እንደ አዲስ አዩአት። "ኧረ እኔ አይቻት አላውቅም። የማን ናት?"

ዐይናቸውን በጨው አጥበው ነው የተናገሩት። ዱቄት በዚህ መሀል ተነሥታ የፊት እግሮቿን ማሽኑ ላይ ጫነች።

"ዱቄት! ውረጂ ከዚያ፣ እጅሽን ይቆርጥሻል!"

ሴትዮዋ ቃሉ ካመለጣቸው በኋላ ምላሳቸውን ነከሱ።

"ስሟን ማን ነገረዎት?"

"እ... ነጭ ናታ። ነጭ ስትሆንብኝ፣ እንዲያው ገመትኩ።"

ራጅ አንሺዋ መልስ ልትሰጥ አፏን ከፍታ ሳለ ዐይኗ ባንኮኒው ላይ አረፈ። አንድ የንባብ መነጽር ተቀምጧል፤ የተሰበረ እጀታው በሰማያዊ ክር ታስሯል። ክሩን ያሰረችው ራሷ ናት። ክው አለች። የገመዱን ጫፍ ከመሬት አንሥታ ዱቄትን እየጎተተች ወጣች።

መንገዱን ሙሉ ስታሰላ ሄደች። ለካ የምትሰረቀው ውሻዋ አይደለችም። አባቷ ጡረታ አላቸው፣ ቤት አላቸው፣ ሰውም ቶሎ ያምናሉ። ደግሞ ከስንቱ ሰው መሀል ቁልፍ ቀራጭ! የበሩን ቁልፍ አስቀይሬ እገላገላለሁ ብላ አሰበችና፣ ለማስቀየርም የምትሄደው እዚያው ሱቅ መሆኑ ትዝ ሲላት የባሰ ተናደደች።

ቤት ስትደርስ አባቷ እንደተኙ ናቸው። በሩ አጠገብ የተሰቀለውን የቁልፍ ማንጠልጠያቸውን አወረደች። የምታውቃቸው ቁልፎች ሁሉ አሉ፤ ከእነሱ መሀል ግን አንድ አዲስ፣ የሚያብለጨልጭ ቁልፍ ገብቷል። የቤቱ በር ላይ ሞከረችው፤ አይገባም። የግቢው በር ላይ ሞከረችው፤ እምቢ አለ። ገልብጣ ደግማ ስትታገል ከኋላዋ ድምፅ ሰማች።

"የማይከፍተውን ምን ያታግልሻል?"

"የምንድን ነው?"

"የሱቅ።"

"የማን ሱቅ?"

አባቷ ረጅሙን ገመድ አዩ፤ የዱቄትን አቧራ የለበሰ ሆድ አዩ። "ደርሰሽበት መጥተሽ እኔን ምን ታስለፈልፊኛለሽ?"

"ለእሳቸው የቤታችንን ቁልፍ ሰጥተሃል? አስቀርጸህ ሰጥተሃል ወይ?"

"እኔ ምንም አልሰጠሁም። እሷ ናት የሰጠችኝ። ዕቃ ልትገዛ ስትሄድ ሱቁን እኔ ነኝ የምከፍትላት።"

ይህን አልጠበቀችም። ቁልፉን እጇ ላይ አገላበጠችው። "ከመቼ ጀምሮ?"

"ዱቄት ጥርስ ስትቀይር አካባቢ።"

"ያን ያህል! ታዲያ ለምን አልነገርከኝም?"

"ብነግርሽ ምን ታደርጊ ነበር?"

"እጠይቅሃለሁ። ማን ናቸው፣ ከየት መጡ፣ ምን ፈልገው ነው..."

"አየሽ?" አባቷ ተመልሰው ተቀመጡ። "እኔ ልጄ፣ ስልኩ ላይ ስምሽን ሳይ ላንሣው አላንሣው እላለሁ። መድኃኒት ዋጥክ፣ ጨው አበዛህ፣ የት ነህ፣ ቶሎ ግባ። ለክፋት እንዳልሆነ አውቃለሁ። ግን አንድ ቀን እንኳ ቆይ ተጫወት ብለሽኝ አታውቂም። እዚያ ስሄድ ሻይ አለ፣ ወሬ አለ፣ የተጣመመ ቁልፍ አቃናለሁ። የሚመረምረኝ የለም።"

"እማዬንስ?"

"እናትሽን የማነሣት እዚያ ነው። እዚህ ሳነሣት አንቺ ተነሥተሽ ዕቃ ታጥቢያለሽ።"

ራጅ አንሺዋ ቁልፎቹን ቦታቸው ሰቀለችና ወደ ጓዳ ገባች። ማጠቢያው ውስጥ ብርጭቆዎች ነበሩ። እጇን ልትሰድ ብላ ተወችው።

ከጥቂት ቀናት በኋላ ከሥራ ስትወጣ በሱቁ በኩል ዞረች። ቁልፍ ቀራጯ ሲያዩዋት ማሽኑን አጠፉ፤ አልሸሹም፣ አልተቅለሰለሱም።

"ለምን ዋሹኝ?" አለች ሳትቀመጥ።

"አባትሽ፣ ልጄ ከመጣች እንደማታውቂኝ ሁኚ አለኝ። ስለ ውሻዋ የነገረኝ ነገር የለም። ውሻ ቀድማ ትመጣለች ብሎ ማን ያስባል?"

ራጅ አንሺዋ ሳቋ ሊያመልጣት ሲል ያዘችው። "ምንድን ነው የሚያበሏት?"

"ጉበት።"

"እኔም የምሰጣት ጉበት ነው!"

"የእኔ የተጠበሰ ነው" አሉ ሴትዮዋ፣ ነገሩን እንደ ቀላል።

ቁጭ አለች። ሐኪሙ ያላትን ከመጀመሪያው ነገረቻቸው። ሴትዮዋ ሥራ እንደሚማር ሰው በጥሞና አዳመጡ፣ መሀል መሀል ጠየቁ፤ በመጨረሻም ዱቄት ብቻዋን ከመጣች ቁራሽ እንዳይሰጧት፣ ፊታቸውንም እንዲያዞሩባት ተስማሙ። ስለ አባቷ አንድም ቃል አልተነሣም። ራጅ አንሺዋ ስትወጣ ግን ፀጉር ቤቱ ጎራ ብላ ስለ ሴትዮዋ ጠየቀች። ጥርጣሬ በአንድ ቀን አይለቅም።

ልምምዱ ከብዶ ነበር። ዱቄት ሱቁ ድረስ ትሄዳለች፣ ጀርባ ይሰጣታል፣ ባንኮኒው ሥር ተጋድማ ታላዝናለች። ሴትዮዋ ደውለው "መጥታለች፤ አንጀቴን እየበላችው ነው፣ ቶሎ ውሰጃት" ይላሉ። ራጅ አንሺዋ መጀመሪያ አካባቢ ደብቀው የሚያጎርሷት እየመሰላት ስትደርስ የዱቄትን አፍ ታሸት ነበር። የጉበት ሽታ የለም። ቀስ በቀስ የውሻዋ መንገድ አጠረ፤ አጥሩ ጋ ደርሳ ማሰብ ጀመረች፣ ከዚያም ከአጥሩ መመለስ ጀመረች። በዚያው ሰሞን ራጅ አንሺዋ ለአባቷ ስትደውል "እዚያ ነህ?" ትላለች፤ "እዚህ ነኝ" ሲሏት "እሺ ተጫወት" ብላ ትዘጋለች። ስለ መድኃኒቱ ለመጠየቅ ምላሷን ሲበላት ራት ላይ ታነሣዋለች።

አንድ እሑድ ቁልፍ ቀራጯ ከአባቷ ጋር ሜዳው ድረስ መጡ። አባቷ ጥላ ሥር ተቀመጡ፤ ሁለቱ ሴቶች ጎን ለጎን ቆሙ። ዱቄት ያለ ገመድ ወዲያ ማዶ ሣሩን እየነጨች ነበር።

"ስለ እኔ ፀጉር አስተካካዩን ጠይቀሻል አሉ" አሉ ሴትዮዋ፣ ፊታቸውን ወደ ሜዳው እንዳደረጉ።

"ጠይቄአለሁ።"

"ምን አለሽ?"

"ዋጋ አይቀንሱም አለኝ።"

"እውነቱን ነው።"

ራጅ አንሺዋ አንድ ጊዜ ጠራች። ዱቄት ቀና አለች፣ ሁለቱንም አየች፣ ከዚያ ጆሮዎቿ ወደ ኋላ ተኝተው እየበረረች መጣች። ጉበቷን ጎረሰች፣ "ሂጂ" ተባለች፣ ሄደች። ራጅ አንሺዋ ትንሽ አሰበችና የጉበቱን ላስቲክ ወደ ሴትዮዋ ዘረጋች።

"እስቲ እርስዎ ይጥሯት።"

"እኔ?"

"አንድ ጊዜ ብቻ ነው የሚሉት። አይደግሙም።"

ሴትዮዋ ጉሮሯቸውን ጠረጉና ጠሩ። ዱቄት መጣች። ራጅ አንሺዋ እጃቸውን አትኩራ ታይ ነበር፤ ያጎረሷት ቁራሽ ከተፈቀደው እጥፍ ነው። አየችው፤ ላስቲኩን ግን እጃቸው ላይ ተወችው።