አርባ ስምንት ቁጥር

«ኮመዲኖው የት ሄደ?» አለች ሰሎሜ፣ ከፍራሹ ላይ ብድግ ብላ።

ለቅሶ ሊደርሱ የመጡት ሴቶች ወሬያቸውን አቋረጡ። ከጊንጪ ሠርግ ሲመለስ በመኪና አደጋ የሞተው ባሏ ታምራት ከተቀበረ ገና ሁለተኛ ቀኑ ነው፤ ሐዘንተኛ ደግሞ ያለቅሳል እንጂ የቤት ዕቃ አይጠይቅም። ጎረቤቷ እትዬ አረጋሽ እጇን ይዘው ሊያስቀምጧት ሞከሩ።

«አልጋውም ኮመዲኖውም እኔ ቤት ነው፣ ልጄ። ለሰዉ ቦታ ይልቀቅ ብለን አወጣነው። ምን ፈለግሽ?»

«መሳቢያውን።»

ከማዶ አንዷ ሴት አጠገቧ ወደተቀመጠችው ጠጋ ብላ «የቤት ካርታ ፍለጋ ነው፤ አፈሩ እንኳ ሳይደርቅ!» ስትል ሰሎሜ ሰማች። ደሟ ፈላ።

የምትፈልገው የባሏን ፊት ነበር። ድንኳኑ ውስጥ የተሰቀለው ፎቶ ከመታወቂያው ተወስዶ በትልቁ የታተመ ነው፤ ዓይኑ ፈጦ፣ ከንፈሩ ደርቆ፣ ፖሊስ ጣቢያ የቆመ ሰው ይመስላል። የአምቦን ሙሽራ ሁሉ ሲያነሣ የኖረ ሰው በዚህ ፎቶ ይሸኝ? ነገ ሰልስት ነው፤ የሚመጣው እንግዳ ሁሉ የሚያየው ይህንኑ ነው።

ያነሣው ሁሉ ያለው በአንዲት ዲስክ ላይ ነው። ዲስኳ ደግሞ ፓስወርድ ትጠይቃለች። ፎቶ ቤቱ ውስጥ አብሮት ይሠራ የነበረው ዱጋሳ ከጠዋት ጀምሮ የልደት ቀን፣ የሠርግ ቀን፣ የስልክ ቁጥር ሲሞክር ዋለ። በመጨረሻ «ሲቆልፋት የተሰጠው መክፈቻ ቁጥር አለ፤ አርባ ስምንት አሃዝ ነው። አትሞ የሆነ ቦታ ሳያስቀምጠው አይቀርም» አላት።

ያኔ ነው ትዝ ያላት። አምና ከአንድ ፎቶ ቤት የሙሽሮች ፎቶ ወጥቶ በየስልኩ ሲዞር ታምራት እንቅልፍ አጥቶ ነበር። «ሰው ልጁን አምኖ ሰጥቶኛል» ብሎ ዲስኳን ቆለፈ። ከዚያ ተንበርክኮ መሳቢያውን ገልብጦ ወረቀት ሲለጥፍበት፣ «አርባ ስምንት ቁጥር! ሚስትህን እንኳ እንዲህ አልጠበቅሃት» ብላ ሳቀችበት።

«አንቺን ደግሞ ማን ይሰርቅሻል?» አላት። ትራስ ወረወረችበት።

ሐዘንተኛ ከሰልስት በፊት ጎረቤት አይሄድም። ሰሎሜ ግን ነጠላዋን እንዳዘቀዘቀች ወጣች። ድንኳኑ ውስጥ የተቀመጡት ወንዶች በዓይናቸው ሸኟት። እትዬ አረጋሽ «ኧረ በማርያም! ሰው ምን ይላል?» እያሉ ተከተሏት።

«ያለውን ይበል፣ እትዬ።»

ኮመዲኖው ላይ የለቅሶው ወጥ ድስቶች ተደርድረዋል። አንድ በአንድ አውርዳ መሳቢያውን መዥርጣ ገለበጠችው። ወረቀቱ አለ። ጥጉ በዘይት ርሷል፤ ቁጥሩ ግን ይነበባል።

እትዬ አረጋሽ ጎንበስ ብለው አዩት። «ቁጥር ብቻ ነው እንዴ?» አሉ። አፍረው ሳይሆን አይቀርም፣ ድስቶቹን መልሰው መደርደር ያዙ።

ቤቷ ስትመለስ ዱጋሳ ጓዳ ውስጥ ኮምፒውተሩን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ጠበቃት። እሷ ታነብባለች፣ እሱ ይመታል። መጀመሪያ አልተቀበለም፤ አንድ አሃዝ ዘላለች። እንደገና ከሀ ጀመሩ። ተከፈተ።

ሙሽሮች። የጊንጪ፣ የአዲስ ዓለም ሙሽሮች፤ ምርቃት፣ ክርስትና፣ ደንዲ ሐይቅ ዳር የተቃቀፉ ጥንዶች። ሰሎሜ ሁሉንም በየተራ አስከፈተችው። ታምራት የለም። የትም የለም።

«እሱ መቼ ካሜራ ፊት ቆሞ ያውቃል፣ እህቴ?» አለ ዱጋሳ።

«አለ! እንዴት አይኖርም? ያንን ደግሞ ክፈተው።»

ቪዲዮ ነበር። አንዲት የእንጭኒ ሙሽራ አንገቷን ደፍታ ቆማለች፤ ነፋስ ቬሏን ያነሣዋል። ከካሜራው ጀርባ የታምራት ድምፅ መጣ፤ ሁልጊዜ ሳቅ የማይለየው ያ ድምፁ።

«ሙሽሪት፣ ቀና በይ እንጂ! እንዲያ። ባዬ ጋሪ፣ በጣም ጥሩ! አሁን ወደኔ እዪ።»

ሰሎሜ ነጠላዋን ከግንባሯ ላይ ገፋ አድርጋ ቀና አለች።