ጎርፍ የሚጠራ ጊታር

የድሬ ሙቀት እንዲህ ነው፤ ዶሮዎቿ የሚጥሉት ቅቅል እንቁላል ነው፣ ጨው ብቻ ነው የሚጨመርበት። ሳላሀዲን ጊታሩን ካንጫረረ ወዲህ ግን ከድንጋጤ የተነሳ ጫጩት መጣል ጀምረዋል። ያላመነ ከዚራ ሰፈር ሄዶ ዶሮዎቹን ይጠይቅ።

ድሮ እንዲህ አልነበረም። እሱ በጊታር፣ ጓደኛው ገዲ በከበሮ፣ የድሬን ሰርግ የሚያሞቁ ሁለቱ ነበሩ። አንድ ክረምት ደጋው ላይ ዘነበና፣ ድሬ ላይ ጠብ ሳይል ደረቁ የደቻቱ ወንዝ ድንገት ሞላ። አሸዋውን እያቋረጠ የነበረውን ገዲን ከነከበሮው ወሰደው።

ከዚያ ወዲያ ሳላሀዲን ሰርግ ተወ። ሮክ ነው እያለ፣ ዜማም ግጥምም የሌለው የሚያጓራ ነገር ይዞ ብቻውን ዞረ። ጫት የሚቃምበት በርጫ ላይ ቢሞክረው፣ "አቦ፣ ምርቃናችንን ገደልከው!" ብለው አባረሩት። አንድ ሆቴል መድረክ ላይ ጊታሩን ከግድግዳ አጋጭቶ ሰበረና እዚያው ቁጭ ብሎ አለቀሰ። ጠግኖት እንደገና ዞረ።

የሚመኘው አንድ ነገር ነበር፤ የገዲ እናት እማ ናስራ አንድ ቀን መጥተው እንዲሰሙት። ለልጃቸው የሠራው ነዋ! እሳቸው ግን ከቀብሩ ወዲህ መንገድ ላይ ሲያዩት ዞር ይላሉ። እሱን ሲያዩ ከጎኑ የጎደለው ይታያቸዋል።

ባለፈው እሑድ ከሽንኩርት ሻጯ ከቱሪያ ሱቅ መብራት ስቦ፣ ደቻቱ ዳር ወንበር ደርድሮ ሲጠብቅ፣ ከሰፈሩ ሰው ጋር እማ ናስራም መጡ። ፊት ተቀመጡ።

ጊታሩን መምታት ጀመረ። መጀመሪያ ከሩቅ ድንጋይ የሚንከባለል መሰለ። ቀጥሎ ግንድ የሚሰበር። ቀጥሎ ምድር አጓራች።

"ዋሪያ፣ ውጡ! ደቻቱ መጣ!" አለ አንድ ባለባጃጅ።

ሰዉ ፈረጠጠ። ሰማዩ ጥርት ያለ ነው፣ ድሬ ግን በሰማይ አትታለልም። ቱሪያ የሱቋ ጣሪያ ላይ ተገኘች፤ የወጣችበትን መሰላል ግን እስከ ዛሬ ያየው የለም።

እማ ናስራ ብቻ አልተነሡም።

"ጨረስክ?"

"ጨረስኩ፣ እማ።"

"ጊታርህ ላይ የያዝከው ጎርፉን ነው። ልጄ የታለ?"

ሳላሀዲን ጊታሩን ዝቅ አደረገ።

"ገዲ ያስፈራ ነበር እንዴ? ምሳ እየበላሁ እንኳ ሳህኔን እየመታ ሲያስቀኝ..." በጥፍራቸው የወንበሩን መደገፊያ መቱ፤ ያችኑ የገዲን የሰርግ ምት፣ ሳይስቱ። "በል፣ በጊታርህ ግባ። እሱ ሲመታ ትገባ አልነበር?"

ሳላሀዲን ጣቶቹን ክሩ ላይ አሳረፈ። ያንን የሰርግ ዜማ በእንቅልፍ ልቡ እንኳ ይጫወተው ነበር። አሁን አንዷም ጣት አልታዘዝ አለችው፤ ጣቶቹ ከጎርፉ ድምፅ ሌላ የሚያውቁት ጠፋቸው።

እማ ናስራ አላቆሙም። አንገታቸውን ደፍተው፣ እስኪገባ እየጠበቁ፣ ይመታሉ።