ሱሪው አልረዘመም

ለራስ ሲቆርሱ አያሳንሱ የሚባለው ተረት ለልብስ ሰፊው አልሠራም። ሰፈሩ ጋሽ ሜትር የሚላቸው እኚህ ሰው በሁለት ዓመት ውስጥ የገዛ ሱሪያቸውን ሦስት ጊዜ አሳጠሩ። ሱሪው መሬት ሲጠርግ ባዩ ቁጥር የሚረግሙት ጨርቅ ሻጩን ነበር። "ይሄ ሌባ፣ የሚለጠጥ ጨርቅ ሸጠልኝ" ይሉና ጫፉን ተርትረው እንደገና ይቀመቅማሉ። ሌላ ሰው ቢሆን ራሱን ይጠረጥር ነበር፤ ልብስ ሰፊ ግን ጥፋቱን የሚፈልገው ጨርቅ ላይ ነው።

ወገባቸው ግን ዝም አላለም። አንድ ጠዋት ከባዱን ካውያ ከወለል ብድግ ሲያደርጉ ጀርባቸው ውስጥ የሆነ ነገር ቀጭ አለ፤ ላብ አጠመቃቸው። የሰፈሩ ክሊኒክ ሁለት ጊዜ ሄዱ። ሁለቴም ያው ወጣት ሐኪም ቀና ብሎ እንኳ ሳያያቸው "ዕድሜ ነው ጋሼ" ብሎ ማስታገሻ ጻፈላቸው። እሳቸውም እፎይ አሉ፤ እውነቱን ለመናገር መስማት የፈለጉት ይህንኑ ነበር። ታላቅ ወንድማቸው ምንጣፍ አደናቅፎት፣ ዳሌው ተሰብሮ፣ ስምንት ወር ተኝቶ ነው የሞተው። ያገላብጡትና ያጥቡት የነበሩት እሳቸው ናቸው። እንደሱ አልጋ ላይ መቅረትን ከሞት አብልጠው ይፈራሉ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ቢባልም ደበቁ።

ነገሩን ያወጣችው አብራቸው ሱቁ ውስጥ የምትሰፋው ልጃቸው ናት።

"አባባ፣ እስቲ ቀጥ ብለው ይቁሙ።"

"ቆሜያለሁ እኮ።"

ልጅቷ ሳቋ መጣ፤ ወዲያው ደግሞ ጠፋ። ሜትሩን ከተረከዛቸው እስከ አናታቸው ዘረጋች። ለእሷ ሠርግ ሙሉ ልብሳቸውን ሲሰፉ ደብተሩ ላይ ያሰፈሩት ቁመት አንድ ሜትር ከሰባ አራት ነበር። አሁን አንድ ከስልሳ ሰባት ሆነ።

"ሜትሩ ተበላሽቷል" አሉ። ጉድ እኮ ነው፤ በዚያው ሜትር ጠዋት ሁለት ደንበኛ ለክተዋል። ልጅቷ አልተከራከረችም፤ ሱቁን ዘግታ ሆስፒታል ወሰደቻቸው።

እዚያ ያገኟቸው ሐኪም ሴት ነበሩ። የሚውጡትን መድኃኒት ሁሉ፣ የአስሙን ኪኒን ጨምሮ፣ አንድ በአንድ ጠየቁና ራጅና የአጥንት ጥንካሬ ልኬት አዘዙ። መለኪያው ክፍል በር ላይ የተቀመጡት ሁሉ ሴቶች ናቸው። መዝጋቢዋ "ባለቤትዎ የታሉ?" አለቻቸው።

"ለራሴ ነው" አሉ።

"እዚህ እኮ የሚመጡት ሴቶች ናቸው፤ ወንድ ግን..."

"ወንድ አጥንት የለውም እንዴ?" አለች ልጅየዋ። "አባቴ ሰባት ሴንቲ ሜትር አጥረዋል። መዝግቢያቸው።"

ውጤቱ ሲደርስ ሐኪሟ ራጁን ብርሃን ላይ ሰቀሉት። "መቼ ነው የወደቁት?"

"ወድቄ አላውቅም።"

"ሁለት የጀርባ አጥንት ተሰብሯል።" በጣታቸው አሳዩ፤ የተረገጠ ካርቶን ይመስላል። "አጥንት ሲሳሳ ሳይወድቁም ይሰበራል። ለአስም ለዓመታት የዋጡት ኪኒን ጎድቶታል። በራስዎ እንዳያቋርጡት ግን፤ እኔ ከአስም ሐኪምዎ ጋር እነጋገራለሁ። ለአጥንቱ መድኃኒት እንጀምራለን። የጠፋው ቁመት አይመለስም።"

"ቁመቱን ይተዉት፣ ዶክተር። አልጋ ላይ እቀራለሁ ወይ?"

"ዘግይተዋል እንጂ አልመሸብዎትም። መድኃኒቱ የሚቀጥለውን ስብራት ይቀንሳል፤ ፈጽሞ አይመጣም ብዬ ግን አልምልልዎትም። ከባድ ነገር አያንሱ። መውደቅን በጣም ይጠንቀቁ።"

ሲወጡ ደረጃው ጫፍ ላይ ቆሙ። ሲገቡ ያለ ሐሳብ የወጡት ደረጃ ነው፤ አሁን ግን ቁልቁል እያዩ ይቆጥሩታል። ልጅቷ ጠባያቸውን ታውቃለች፤ ሊደግፋቸው እጁን የዘረጋ ሁሉ "ምን፣ ሽማግሌ አረግኸኝ?" ተብሎ ነው የሚመለሰው። ስለዚህ ሳትነካቸው አንድ ደረጃ ቀድማ ወረደች።

"ልጄ።"

"አቤት።"

"ያዢኝ። ፈርቻለሁ።"

ተመልሳ ክንዳቸውን አጥብቃ ያዘች። አንድ ደረጃ ወርደው ቆሙ። ከኋላ የመጣ ሰው ተሽሎክሉኮ ሊያልፍ ሲል "ቀስ በል ወንድሜ፣ አባቴ አጥንታቸውን ያማቸዋል" አለችው። ጋሽ ሜትር አልተቆጡም፤ ሰውየው እስኪያልፍ ድረስ ግድግዳውን ተጠግተው ጠበቁ።