የወይዘሮ ዳምፕሊን የመጨረሻ ስንኞች

ሂልዳ ክራብትሪ በወንድሟ ነገር ቀልድ አታውቅም። ሰባ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ አርባውን በግሪምስቢ ወደብ ዓሣ ስትበልት ኖራለች። ሌስሊ ክራብትሪን በክፉ የሚያነሣ ሰው ሂልዳ ያለችበት ዳቦ ቤት ባይገባ ይሻለዋል።

ኩራቷ ደግሞ እንዲያው አይደለም። ሌስሊ በአሥራ ስድስት ዓመቱ ለቲያትር ትምህርት ቤት ፈተና የተለማመደው በእሷ ጉልበት ነው። እሷ ዓሣዋን እየበለተች፣ ጽሑፉን ከፊቷ ሣጥን ላይ አስደግፋ፣ የንግሥቲቱንም የነፍሰ ገዳዩንም ቃል እንደ ገበያ ዝርዝር እያነበነበች ትመልስለት ነበር። ለንደን ሲደርስ «ስምህን ቀይር፣ ክራብትሪ ለመድረክ አይሆንም» ቢሉት፣ «ያገሬን አነጋገር ውሰዱት፤ ስሜ ግን የአባቴ ነው» አለ። ከዚያ ወዲያ በመድረክ ንጉሥም ሆነ፣ ለማኝም ሆነ። በቴሌቪዥን አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ኢንስፔክተር ሆኖ ሌባ ሲያሳድድ አገሩ ሁሉ እራቱን ትቶ ያየው ነበር። ኒሻን ሊቀበል ቤተ መንግሥት ሲጠራ ይዞ የሄደው ሂልዳን ነው። የዚያን ቀን ያደረገችው ባርኔጣ ዛሬም ከነሣጥኑ አለ።

አሁን በሰባ ሁለት ዓመቱ ከተማው ተመልሷል። ወደቡ አጠገብ ያለው አሮጌ ቲያትር ቤት ለገና በሚያሳየው ተረት፣ የንጉሡን ወጥ ሠሪ ወይዘሮ ዳምፕሊንን ይጫወታል። ባገሩ ልማድ የገና ተረት ባልቴት ሁልጊዜ ቀሚስ የለበሰ ወንድ ነው፤ አለዚያ ማን ይስቃል? ሂልዳን ብትጠይቋት፣ ቀሚስ ለብሶ ያገሩን ልጆች ያላሳቀ ተዋናይ ገና ተማሪ ነው።

አንድ ምሥጢር ግን ነበራቸው። ካለፈው ፀደይ ጀምሮ ቃል ከሌስሊ አፍ እየጠፋ ነው።

«ሕዝብ ፊት አንዴ ከጠፋብኝ አበቃልኝ» አላት ማዕድ ቤቷ ተቀምጦ። «ሌላ ከተማ ቢሆን እችለው ነበር። እዚህ፣ አባባን የሚያውቁ ሰዎች ፊት መዋረዱን ግን አልችለውም።»

«አትዋረድም። በል ተነሥ፣ ከዱቄቱ ትዕይንት ጀምር።»

«ሂልዳ፣ ሻዬ እኮ በረደ።»

«ሻዩ ይብረድ! አንተ ብቻ አትብረድብኝ።»

ስድስት ሳምንት እንዲህ አከረመችው። በመጨረሻ ከሁለት ስንኞች በቀር ሁሉንም እንደ ውሃ ጠጣው። ሁለቱን ያላለበት ምክንያት አለው፤ በተዋናዮች ዘንድ ገደ ቢስ ነው ተብሎ፣ የገና ተረት መዝጊያ ስንኝ የመጀመሪያው ተመልካች ወንበሩ ላይ ሳይቀመጥ ከማንም አፍ አይወጣም። ልምምድ ላይ እዚያ ሲደርሱ እጅ ነሥተው ዝም ነው።

«አንድ ጊዜ ብቻ ልበለው» አለ ሌስሊ። «እዚህ ማን ይሰማናል?»

«አፍህን ያዝ! ያ ተዋናይ ሞሪስ ልምምድ ላይ ብሎት መጋረጃው የወረደበትን ረሳኸው?»

«መጋረጃው የወረደው ገመዱ አርጅቶ ነው።»

«ገመዱስ ለምን ያን ቀን አረጀ?»

ሌስሊ ስቆ ተወው። ሂልዳ ግን ስንኞቹን በዓይኗ ደጋግማ አንብባቸው ነበር፤ ማንበቡን ማንም አልከለከለም።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ቲያትር ቤቱ ጢም አለ። ሂልዳ ባርኔጣዋን አድርጋ ሦስተኛው ረድፍ ተቀመጠች። ሌስሊ በር የማያስገባ ቀሚሱን እየጎተተ ብቅ ሲል ሕፃን ሽማግሌው አውካካ። አንድ ቃል አልሳተም። እሷ በከንፈሯ እየተከተለችው፣ አጠገቧ ላለችው ሴት ሳትጠየቅ ሁለት ጊዜ «ወንድሜ ነው» አለቻት። ደረቷ ለደስታዋ አልበቃ ብሏት ነበር።

መጨረሻው ደረሰ። የተረቱ ሙሽሮች ተሰለፉ፤ ሌስሊ ጭልፋውን ከፍ አድርጎ መድረኩ ጠርዝ ላይ ቆመ። አፉን ከፈተ። ምንም የለም።

ሕዝቡ ሆን ብሎ የሚያስጠብቅ መስሎት ፈገግ ብሎ ጠበቀ። ሂልዳ ግን አውራ ጣቱ የጭልፋውን እጀታ ሲያሽ አየች። ከልጅነቱ ጀምሮ ቃል ሲጠፋው እንዲህ ነው። ክው አለች። አፉን የዘጋሁት እኔ ነኝ፣ አለች በልቧ፤ አንዴ ይበለው ብዬ ቢሆን ኖሮ ዛሬ አይጠፋውም ነበር። ስንኙን በሹክሹክታ ብታቀብለው ሰው ሁሉ መርሳቱን ያውቅበታል። ዝም ብትልም ያው ነው።

ብድግ አለች። የዓሣ ገበያ ድምፅዋን፣ ሃያ ዓመት ያላወጣችውን፣ አወጣችው።

«አንቺ ዳምፕሊን! ንጉሡስ በላ ወይ?»

አዳራሹ በሳቅ ፈነዳ። ሌስሊ ዞር አለ፤ ዓይኖቹ ባርኔጣዋ ላይ አረፉ፤ ፊቱ በራ።

«ንጉሡ ጠገበ!»

«ልጅቱሳ?»

«ልጅቱም ተዳረች!»

ይኼኔ ልጆቹ ነገሩ ገባቸው። ሳይባሉ በአንድ አፍ «እኛሳ?» ብለው ጮኹ።

«እናንተም ቤት ግቡ፣ ድስቴ ባዶ ቀረች!»

ጭብጨባው ጣራውን ሊያነሣው ምንም አልቀረው። ሂልዳ ሁለቱም ስንኞች ሳይጎድሉ መባላቸውን ሰምታ ቁጭ አለች።

ከመድረክ ጀርባ አዘጋጇ ጆዲ እየሮጠች መጣች። «ሌስሊ፣ ሳትነግረኝ! የማን ሐሳብ ነው?»

«የአለቃዬ» አለ ሌስሊ፣ ወደ እህቱ እያመለከተ።

«ወይዘሮ ሂልዳ፣ እባክዎ በየቀኑ ይድገሙልን።»

«እኔ? እኔ እኮ የዓሣ ሠራተኛ ነኝ!»

ብቻቸውን ሲቀሩ ሂልዳ እጁን ያዘች። «ጥፋቱ የኔ ነው። ያኔ ብትለው ኖሮ...»

«ያኔ ብዬው ቢሆን መጋረጃው ይወርድብን ነበር» አላት።

ሰኞ አብረው በተዋናዮች በር ገቡ። መጋረጃው ሊከፈት ግማሽ ሰዓት ሲቀረው ተዋናይ ሁሉ ግድግዳው ላይ ያለው ዝርዝር ላይ ይፈርማል፤ ሌስሊ ሃምሳ አራት ዓመት አንድ ቀን አላጎደለም። ፈረመና ብዕሩን ለእሷ ዘረጋ። ከስሙ ሥር አዲስ መስመር ተጨምሯል።

ሂልዳ ጓንቷን አወለቀች። የቢላዋ ጠባሳ በሞላው እጇ ብዕሩን ተቀበለች። «ምን ብዬ ልጻፍ?»

«የአባባን ስም ነዋ።»

ክራብትሪ ብላ፣ ከእሱ አስበልጣ ጻፈችው።